ስታንኮራፊ ማን ሰማሽ?

ሰኞ፣ ኅዳር 3
በክሊኒኩ የጀመርኩት አዲስ ሥራ ቀላል ነው ተብያለሁ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥበትን ሰው በስምንት ጥያቄ መለየት። ከዚያ ሰውየው የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ወስዶ ቤቱ ይተኛበታል። የመጠይቁና የመሣሪያው ውጤቶች ከተስማሙ መጠይቁ ይታመናል። ካልተስማሙ... ዶክተሯ ትነጫነጫለች። ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ጠየቅሁ። አሥራ አንዱም "እኔ? አላንኮራፋም!" ታዲያ የሰፈሩን ጣሪያ የሚነቅለው ማነው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 5
የአውቶቡስ ሾፌር መጣ። ለሁሉም "አይ"።
"እንቅልፌ የሕፃን ነው፣ እህቴ።"
ሚስቱ ኮሪደር ላይ ሆና ትሰማ ኖሮ ዘው አለች። "የምን ሕፃን! የትራክተር በል እንጂ። ትንፋሹ ቁርጥ ሲል በክርኔ ጎስሜ ነው የምመልሰው።"
ሾፌሩ ኮፍያውን ማሽከርከር ያዘ። በአዲስ ቅጽ ሀ ብለን ጀመርን።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
የሾፌሩ ውጤት ደረሰ። በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ትንፋሹ ይቆማል። ስልሳ ሰው ጭኖ የሚነዳ ሰው! እስኪታከም መሪ እንዳይነካ ተነገረው። "ልጆቼስ?" አለ። ሳቄ ጠፋ።
"ልጆችህ መጀመሪያ አባት ይፈልጋሉ" አለችው ሚስቱ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
ምሳ ሰዓት ላይ ለቀልድ ራሴን ጠየቅሁ። ታንኮራፊያለሽ? እንጃ... ትንፋሽሽ ሲቆም ያየ አለ? ማን ይየኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። ከስምንት ሁለት ነጥብ። ጤነኛ! እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ጸሐፊዋ ናት የቀሰቀሰችኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 16
ታናሽ እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አንድ አልጋ ላይ አደርን። ጠዋት ዓይኗ ቀልቷል።
"አንቺ፣ ሞተሽብኝ ነበር እኮ!"
"ምን?"
"ዝም ትያለሽ... ዝም... ከዚያ ከውሃ እንደወጣ ሰው ብድግ! ትንፋሽሽን ስቆጥር ነው ያደርኩት።"
ሳቅኩባት። አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19
መሣሪያውን እኔው ወስጄ ተኛሁበት። በሰዓት ሃያ ስምንት። "ጤነኛ" የተባልኩት እኔ! ለዶክተሯ ነገርኳት። አልተነጫነጨችም።
"ብቻቸውን የሚኖሩትን ለይተሽ አውጪልኝ።"
አወጣሁ። መጠይቁ ጤነኛ ያላቸው፣ መሣሪያው ግን የያዛቸው ስድስት ሰዎች። ስድስቱም ብቸኛ። "እንጃ" ያለውን ሁሉ ለካ "አይ" ብለን ስንሞላ ኖረናል!

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 15
አዲሱ ቅጽ ታተመ። "አላውቅም" የራሱ ሳጥን አለው፤ እሱን የመረጠ በቀጥታ መሣሪያ ይወስዳል። ስድስቱም ለሕክምና ተጠርተው መጡ። እኔም አየር የሚነፋ ጭምብል አጥልቄ ነው የምተኛው። መስታወት ላይ ዝሆን እመስላለሁ... ይሁን።
ጠዋት እህቴ ደወለች። "ደህና አደርሽ?"
ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስብ ስመልሰው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ዛሬ አሰብኩበት።
"ደህና አደርኩ" አልኳት።