ስለ አርባ አንደኛው ደንብና ስለ አዲሱ ሶፍትዌር፣ ለዋና ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ሙንዘር ኡስላቲ፣ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባጃ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የተትረፈረፈ፣ እንቅልፍዎም እንደ ህሊናዎ ምንም የማይረብሸው ይሁን። እኔ ራዲያ ግርቢ እባላለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመጋዘኑ የጭነት መውጫ በር ላይ ለሾፌሮች የመንገድ ወረቀት ስሰጥ የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝ አልቀየምም፤ ወደ መጋዘኑ የወረዱት ሪባን ለመቁረጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና።

ከሁሉ በፊት እውነቱን ልመስክርልዎ። አሮጌው ፕሮግራም መለወጥ ነበረበት። በጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያሳየው ያ ኮምፒውተር መለዋወጫው ከአሮጌ ዕቃ ተራ የሚለቀም ነበር፤ ፕሮግራሙንም ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጻፈው ከመምህር ለዝሃር በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሂሳብ አስተማሪ የነበረው ይህ ሰው ደግሞ ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ስለዚህ ቅሬታዬ ለምን ለወጡት የሚል አይደለም፤ ቅሬታዬ ስለ አለዋወጡ ነው፤ በቁጥርም አቀርባለሁ፣ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ።

፩. ከዋና ከተማው ስላመጡልን አማካሪዎች ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስምንት ሆነው መጥተው በሦስት ሳምንት ውስጥ የሠላሳ ዓመት ሥራችንን ከእኛ ከራሳችን በላይ ማወቃቸው፣ ያውም አንዳችንንም ሳይጠይቁ፣ ከተአምር የሚቆጠር ነው። መምህር ለዝሃር የፕሮግራሙ ደንቦች ሁሉ ከነምክንያታቸው የተጻፉባቸውን ሦስት ደብተሮች በብብቱ ይዞ በራቸው ላይ ቆሞ ነበር። አለቃቸው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «አባባ፣ እኛ የምንሠራው ለነገ ነው። ደብተሩን ለልጅ ልጆችዎ ያቆዩላቸው» አለው። መምህር ለዝሃርም፣ «ልጄ፣ ነገም እኮ በረዶ ይጥላል» ብሎ መለሰለት። ሳቁበት።

፪. ስለ በረዶ ከተነሳ፣ አርባ አንደኛው ደንብ እንዲህ ይል ነበር፦ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ተራራ ላይ ወዳለችው ዓይን ድራሃም ከተማ የሚሄድ የፍሪጅ መድኃኒት በጫካው አቋራጭ አይሂድ፤ በባሕር ዳርቻዋ በጣባርካ ዞሮ ይውጣ። ምክንያቱም በደብተሩ ውስጥ አለ፤ መኪና በረዶ ላይ ከቆመ የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን በረዶ ይሠራል፣ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም ውኃ ነው። አማካሪዎችዎ ይህን ደንብ «ጥቅሙ ያልታወቀ» በሚል ሰረዙት። አዲሱ ሶፍትዌር አጭሩን መንገድ መረጠ።

በጥር አጋማሽ ሾፌሩ ኑሪ ወረቀቱን አይቶ፣ «ራዲያ፣ ይሄ ነገር በጫካው ሂድ ይለኛል፤ ጤነኛ ነው?» አለኝ። «ካልተከተልክ ትቀጣለህ፤ ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ሰኢድ ሲቀጣ አይተሃል» አልኩት። ወረቀቱን በእጁ ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ፤ ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

መኪናው ሁለት ቀን በበረዶ ተይዞ ቆመ። ሲደርስ የዓይን ድራሃሟ ፋርማሲስት ወይዘሮ ሉብና ሳጥኑን ሳትከፍት፣ «ስንት ቀን ቆማችሁ?» ብላ ኑሪን ጠየቀችው፤ «ሁለት» ሲላት ሁሉንም ወስዳ ደፋችው። ሶፍትዌርዎ ግን «ደርሷል» ብሎ ጽፎ ነበርና ሌላ እንድንልክላት ስንጠይቀው «ይህ ፋርማሲ የወሩን ድርሻ ተቀብሏል» እያለ መለሰልን። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። ለቢሮዎ ደወልኩ፤ ጸሐፊዎ፣ «እህቴ፣ ሲስተሙ እምቢ ካለ እኛ ምን እናድርግ?» አለችኝ።

እዚያው ዓይን ድራሃም ምብርካ የምትባል፣ የስኳር ሕመም ያለባት የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ አለች። የቀረቻትን መድኃኒት ለማቆየት ብላ ግማሽ ግማሹን ትወጋ ጀመር። በስድስተኛው ቀን ድስቷ አጠገብ ወደቀች። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነፍሷ ተረፈች፤ ወደ ድስቷ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ልጠይቃት ሄጄ ወረቀቱን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ስነግራት፣ «አንቺማ መጣሽ» አለችኝ።

፫. ስለ ፍትሕዎም አመሰግናለሁ። አጣሪ ኮሚቴዎ ጉዳዩን «የተጠቃሚ ስህተት» ብሎ ደመደመ፤ በኑሪ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ መምህር ለዝሃር በክብር ጡረታ ወጣ። በምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙን «አዝሃር» ብለው አሳትመውለታል።

፬. አሁን ደግሞ የማያውቁትን ልንገርዎ። እንዲጣል ያዘዙትን አሮጌ ኮምፒውተር አልጣልነውም። ከጥጥ ካርቶኖቹ ጀርባ አስቀመጥነው፤ መምህር ለዝሃርም ከየካቲት ጀምሮ በየማለዳው በኋላ በር እየገባ የቀኑን ጭነት መንገድ ያወጣበት ነበር። እኔም ያወጣውን ሁሉ በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ በእጄ እጽፈው ነበር፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያሰበው እንዲመስል። በጥቅምት «አንድም መዘግየት የሌለበት ድርጅት» ተብለው ሲሸለሙና መድረክ ላይ ወጥተው «ከእንግዲህ ማሽኑ ያስባል፣ ሠራተኛው ይፈጽማል» ሲሉ፣ መምህር ለዝሃር ከኋላ ወንበር አጠገቤ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። «ተወው ይናገር፣ ቢያንስ ማይኩ ይሠራል» አለኝ።

ያለፈው ማክሰኞ ያ ኮምፒውተር ሞተ። መምህር ለዝሃር ከፍቶ አየው፣ አሸተተው፣ መነጽሩንም አውልቆ «አለቀለት» አለ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው የምደብቅበት ነገር ስላለቀብኝ ነው። በረዶው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

መፍትሔ የለም እንዳይሉኝ። ከስምንቱ አማካሪዎች አንዷ፣ ዩስራ የምትባለው ወጣት፣ የምብርካን ወሬ ሰምታ በራሷ ፈቃድ ተመልሳ መጥታ ነበር። ከመምህር ለዝሃር ጋር አራት ቀን ተቀምጣ ደንብ በደንብ «ይሄስ ለምንድን ነው?» እያለች ጠየቀችው፤ እሱም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተማሪ ያገኘ ይመስል ድምፁ ታደሰ። ደንቦቹን ወደ አዲሱ ሶፍትዌር ለማስገባት የሚያስፈልጋት የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ማመልከቻዋ ጠረጴዛዎ ላይ ከተቀመጠ አምስት ሳምንት ሆነው። ብዕር አጥተው ከሆነ መጋዘን አለን።

እስከዚያው ድረስ ከሰኞ ጀምሮ ሶፍትዌርዎ ያወጣውን ወረቀት ለማንም ሾፌር አልሰጥም። ከደብተሩ እያየሁ በእጄ እጽፋለሁ፤ ከታችም ስሜን እፈርማለሁ፣ ጥፋት ሲገኝ ተጠያቂው እንዳይጠፋ። ቅጣቱንም አውቀዋለሁ፤ ቁጥር ያልሰጠሁት ቅሬታ ይኼ እምቢታዬ ብቻ ነው።

በአሥራ አራት ደረጃ ከፍ ብሎ ለሚገኘው ቢሮዎ ከመጋዘኑ ወለል ሆና እጅ የምትነሳ፣ የዘመናዊነትዎ አድናቂ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

ራዲያ ግርቢ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ የላክሁት በአዲሱ ሶፍትዌር የቅሬታ ሣጥን በኩል ነበር። «ለዚህ ጉዳይ ኃላፊነት ያለው ሰው አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጠኝ። በገባ በዓመቱ አንድ እውነት በመናገሩ፣ ለእርስዎም ለእርሱም እንኳን ደስ ያላችሁ።