ለቁልፍ ያዧ፣ ስለ ሠርጌ ኬክ የላይኛው ደርብ

ለተከበሩ ማይ ጋሪካይ፣
የደብራችን የእናቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የአዳራሹና የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያዥ፣
ግዌሩ ከተማ

ክብርት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ባለፈው ነሐሴ በጳጳሱ ፊት ቢላዋ ሲገፉ የታመመው ክንድዎ ተሽሎት እንደሆነ እኔና ባለቤቴ ዘወትር እየተሳሳቅን እንጠያየቃለን። ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቤትዎ ብልከው ብቻዎን አንብበው ብቻዎን እንዳይደሰቱ አስቤ ነው። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ለዋሉልኝ ውለታም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ኬኬን ስለ መረጡልኝ። እኔ ሞኟ ሠርጉ የእኔ መስሎኝ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ቴቴ ኬታይ የምትጋግረው ባለ ሁለት ደርብ የዘቢብ ኬክ ይበቃኛል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን «ሁለት ደርብ? ለቅሶ ነው እንዴ? ሰው ደብራችንን ምን ይለዋል?» ብለው አምስት እንዲሆን ወሰኑ። ስለዚህ ሁለቱ ኬክ ሆነው ሦስቱ፣ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ተቆርጠው የስኳር ልባስ ለበሱ። ይህ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ያልተለመደው፣ የትኛው ኬክ የትኛው ፎም እንደሆነ አንዴ እንኳ ለመጠየቅ ክብርዎ አለመፍቀዱ ነው። «በእናቶች ማኅበር ኬክ ውስጥ መጠጥ አይገባም» ብለው ብራንዲም ከልክለዋል። ቴቴም «እሺ እመቤቴ» ብላ ወደ ቤቷ ሄዳ እንደ ልቧ ጨመረችበት።

ሁለተኛ፤ ስለ መስተንግዶው። ቢላዋውን ከባለቤቴ እጅ ተቀብለው ኬኩን ያደሉት እርስዎ ነበሩና፣ ለወላጆቻችን የሚገባው ድርሻ በናፕኪን ተጠቅልሎ ቦርሳዎ ውስጥ ሲገባ ከመቀመጫችን ሆነን አይተናል። እኛ ሙሽሮቹ ለፎቶ ከተጎራረስናት ቁራሽ በቀር አልቀመስንም። አሁንም ይጣፍጥዎ።

ሦስተኛ፤ ስለ አጠባበቁ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይበዛል። የላይኛው ደርብ ለበኩር ልጅ ክርስትና እንደሚቀመጥ የማያውቅ የለም፤ በማኅበሩ ቁም ሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት። ዓመት አልፎ ሌላ ዓመት መጣ። ከእኔ በኋላ ያገቡት ሁሉ ደርባቸውን እየወሰዱ ልጅ ክርስትና አስነሡ፣ በልጃቸውም ስም «ማይ እገሌ»፣ የእገሌ እናት፣ እየተባሉ ተጠሩ። እኔን ግን ሽበት ጣል ጣል እስኪያደርግብኝ ድረስ «ሙሽሪት» ሲሉኝ ኖሩ፤ ወጣትነቴን ሊጠብቁልኝ ብለው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በየስብሰባው ቁም ሳጥኑን ከፍተው «የሙሽሪት ኬክ ዛሬም አለ!» ባሉ ቁጥር ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። ይህን በአደባባይ መጻፍ አያሳፍረኝም፤ ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው።

ጳጳሱ ሊጎበኙን የመጡ ጊዜም እኔ ፊትዎ ተቀምጬ ሳለሁ «ልጁ እንደሆነ አልመጣ፤ ኬኩ ምን በደለ? ለእንግዳው ይቅረብና በረከት ያግኝ እንጂ!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ያን ዕለት ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የሚያውቁትም ባለቤቴና ቴቴ ብቻ ነበሩ። ተነሥቼ ልናገር ስል ቴቴ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ «ቁጭ በይ ልጄ። አፍሽን ያዢ። ትቁረጠው እስቲ» አለችኝ።

ክብርት ሆይ፣ ለካ ቴቴ በሠርጌ ዕለት «ይቺ ሴትዮ ቁልፍ ከያዘች አይጥ ምን ሊቀረው ነው?» ብላ፣ ለክርስትና የሚቆየውን ኬክ ለብቻው ጋግራ በብስኩት ጣሳ አስቀምጣው ኖሯል። አናት ላይ ያወጣችው ፎሙን ነበር። እርስዎ ያንኑ ከቁም ሳጥኑ አውጥተው «ዕድሜ አድርቆት እንዴት ቀልሏል!» እያሉ በሁለት እጅዎ አቀረቡት። ቢላዋው ሲጥ ሲጥ አለ፤ እርስዎም ክብርዎ ሽንፈት አይወድምና አጥብቀው ገፉት። ነጩ ብናኝ በጳጳሱ ጢምና ልብስ ላይ ሲበተን ብፁዕነታቸው ቀና ብለው «እናቴ፣ ይህን በምን ይበሉታል?» አሉ። ያን ጊዜ ሳቁ ወዴት እንደ ዞረ ያስታውሳሉ።

አራተኛውና ደብዳቤ ያስጻፈኝ፣ ከዚያ ወዲህ ያደረጉት ነው። ቴቴን ኬክ ሰርቃለች ብለው ከማኅበሩ መቀመጫ አስነሡ። አሁን ደግሞ እሑድ ለሚሆነው ለልጄ ክርስትና አዳራሹን ስንጠይቅ «ሌባዋ ፊቴ ተንበርክካ ይቅርታ ሳትል በሩ አይከፈትም» ብለው መልእክት ላኩ። ቴቴ ምን እንዳደረገች ልንገርዎት? ነጭ ቀሚሷን ተኩሳ «ለልጅቷ ከሆነ ጉልበቴ ምን ይሆናል» ብላ ወደ እርስዎ ልትመጣ ተነሣች። ቀሚሱን ከእጇ ነጥቄ ቆለፍኩበት። ከእርስዎ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር መቆለፍ ነው።

አዳራሹን ለእርስዎ ትተናል። ክርስትናው በግቢያችን በማንጎው ዛፍ ሥር ይደረጋል። የሚያጠምቁት ጳጳሱ ራሳቸው ናቸው፤ ታሪኩን ጽፌላቸው «ያልበላሁት ኬክ አለኝ፤ እመጣለሁ» ብለዋል። ያኔ የሳቁት ሴቶችም ዶሮውንና የበቆሎ ገንፎውን ሳድዛ ተከፋፍለው ሊሠሩ ተስማምተዋል፤ ባዶ የሚሆነው የእርስዎ ወንበር ብቻ ነው። ቴቴ ከፊት ትቀመጣለች፤ ኬኩንም የምትቆርጠው እሷ ናት።

እርስዎም ተጋብዘዋል። ጉልበትዎን አልፈልግም፤ የአሮጊት ጉልበት መሬት ላይ ማየት የሚያስደስተው ሌላ ሰው ነው። የምፈልገው፣ በግቢያችን በር ላይ ቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ በስሜ እንዲጠሩኝ ብቻ ነው። ካልሆነልዎ አጥሩ አጭር ስለሆነ ከመንገድ ሆነውም በደንብ ያያሉ።

ጤናዎንና ሥልጣንዎን እስከ እሑድ ያቆይልዎ ዘንድ በመመኘት፣ በታላቅ ትሕትና፣

ማይ ሩቪምቦ

ማስታወሻ፦ ኬኩ በየጊዜው ብራንዲ እየጠጣ የቆየ በመሆኑ፣ ሕግዎን አክብረን ለእርስዎ ከእሱ አንቆርስም። ቢላዋዎ ያልጨረሰውን ፎም ግን ቴቴ አዲስ ስኳር አልብሳ፣ አናቱ ላይ በሮዝ ክሬም «ለሙሽሪት» ብላ ጽፋልዎታለች። አይበላሽም፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡት።