በተዝካርሽ በሬ የገዛሁት ቀበቶ

ዓለሚቱዬ፣

ነገ ከተለየሽኝ ዓመት ይሞላል። በሐዘን ልጀምርልሽ አስቤ ነበር፤ ወሬው ግን አላስቻለኝም። በግቢያችን ሁለታችን የሠራናት አይሮፕላን ተነሣች! ትናንት ጧት፣ ከንፋስ መውጫ በላይ ካለው ሜዳ፣ የሁለት ሰው ቁመት ያህል። እልልታውን በሰማሽው! አንቺ ከሰፋሽው የክንፍ አቡጀዲ አንድ ክር አልተበጠሰም።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። አስመራ መካኒክ ሳለሁ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሞተሩ ላይ አፍስሼ ስመጣ፣ ለመቀመጫው ቀበቶ መግዣ አጠረኝ። ሞፈርና ቀንበር አስሮ የሚያውል ጠፍር እኔን አያቅተውም ብዬ ተመጻደቅሁ። አንቺ መርፌሽን እንደያዝሽ፣ ጠፍር ዝናብ ሲነካው እንደሚላላ የማያውቅ ምን ዓይነት የገበሬ ልጅ ነው ብለሽ ሳቅሽብኝ። ታመሽ እንኳ፣ ደኅና ቀበቶ ሳታስር ከመሬት እንዳትነሣ አልሽኝ። እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሰኔ ላይ አይሮፕላኗን መሬት ለመሬት ስነዳት ካፊያ መታን። ጎማዋ ቦይ ውስጥ ሲገባ የረጠበው ጠፍር እንደ ሊጥ ተለጠጠ፤ ግንባሬ ከፊቴ ካለው ሳንቃ ጋር ተላተመ። ደሜን እየጠረግሁ ሳቅሽ ተሰማኝ።

በቤታችን የቀረው ሀብት ለተዝካርሽ የማደልበው በሬ ብቻ ነበር። እኅትሽ ሰማይነሽ፣ ለሙት የታሰበ በሬ ለቀበቶ ይሸጣል ወይ ብላ ደረቷን መታች። እኔም አገር ምን ይለኛል እያልኩ ተብሰለሰልኩ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም ጢማቸውን ሲዳስሱ ቆይተው፣ ተዝካር ለነፍሷ ነው፣ ባሏ ቢከሰከስ ነፍሷ ምን ደስ ይላታል፣ ቅዳሴው አይቅር እንጂ ነዳያኑን ንፍሮም ያጠግባቸዋል አሉኝ። በሬው ሄደ፤ ቀበቶው ከአስመራ መጣ።

ትናንት ስወርድ ይህ የጋይንት ነፋስ ገፍቶ መሬት ላይ አነጠረን። ቀበቶው ግን ደረቴን ይዞ ከመቀመጫው ጋር አጣበቀኝ፤ ሳልቧጨር ወረድኩ። ቀድማ ሮጣ አንገቴ ላይ የተጠመጠመችው ማን መሰለችሽ? ሰማይነሽ!

ነገ ሥጋ የለም፤ የባቄላ ንፍሮና ዳቦ አለ። የሚያማን ይማን። በሬውን ቢበሉት ኖሮ አንድ ቀን ያስታውሱሽ ነበር። እኔ ግን ዘለበቱን በቆለፍኩ ቁጥር አስታውስሻለሁ፤ ቀበቶ ሳላስር ከመሬት አልነሣም፣ ዓለሚቱዬ።