የዘጠኝ ዓመት ልጄን በአንድ ማኅተም አሥራ ሰባት ላስገቡልኝ ክቡር ኃላፊ

የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር መሆኑን በትሕትና አሳስባለሁ)
ሻርጃ

በሸዋ ሮቢት አካባቢ ለምትገኝ፣ ስሟን ለክብሯ ስል ለማልጠቅሳት ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንደምን ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? የቢሮዎ ማራገቢያ ዛሬም ወደ ባለጉዳይ ሳይዞር እርስዎን ብቻ እንደሚያራግብ አጎቴ ነግሮኝ፣ ደህንነትዎ በመጠበቁ አላህን አመስግኛለሁ። እኛም ከአንዷ በስተቀር ደህና ነን። የምጽፍልዎ ስለዚያችው አንዷ ነው።

ኑርሃን እባላለሁ፤ የሮቢት ልጅ ነኝ። ባለቤቴ አንዋር እዚህ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ በሮቢት ፀሐይ ያደገ ሰው ለሰው አገር ብርድ ሲያድል ውሎ ይገባል። ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ራቢዓ ሮቢት ተወልዳ በሁለት ዓመቷ ወደዚህ የመጣች የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስድስት ዓመት የሞላው ሱፍዋን ግን የተወለደው እዚሁ ነው። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ከዚያ በፊት ሁለት ምሳ ዕቃ መሙላት፣ የአንዷን ፀጉር መጎንጎን፣ የአንዱን የጠፋች ካልሲ መፈለግ የእኔ ፈንታ ነው። በአማርኛ እቆጣቸዋለሁ፣ በዐረብኛ ይመልሱልኛል፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ ያሙኛል። እንዲህ እየተሳሳቅን ስንኖር ነው የእርስዎ ወረቀት የደረሰን።

ትምህርት ቤቱ በእጅ የተጻፈውን የራቢዓን የድሮ የልደት ምስክር ወረቀት አልቀበልም ስላለ፣ ሽንኩርት ነጋዴው አጎቴ አብዱረሂም አዲሱን ከቢሮዎ አወጣልን። ልጄ የተወለደችው መስከረም 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ የአማርኛው በኩል ይህንኑ ይላል። የእንግሊዝኛው በኩል ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተለውጦ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2016 መባል ሲገባው፣ ጸሐፊዎ ያንኑ 16/01/2009 እንዳለ ገልብጠው፣ እርስዎም ማኅተምዎን አሳረፉበት። እዚህ ያሉት ሰዎች ሲያነቡት ልጄ በጃንዋሪ 2009 ተወልዳ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ልጅ ማሳደግ አድካሚ መሆኑን ተረድተው ስምንት ዓመት ስለቀነሱልኝ አመሰግናለሁ። ውለታዎ ያልገባው ትምህርት ቤት ግን አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ወጣት ከሕፃናት ጋር አትቀመጥም፣ ወረቀቷና ፓስፖርቷ እስኪስማሙ ቤቷ ትቆይ ብሏል። ይኸው አራተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ዩኒፎርሟን ግን በየጠዋቱ ትለብሳለች፤ የወንድሟን ቦርሳ ተሸክማ እስከ አውቶቡሱ ትሸኘውና ደረጃውን ብቻዋን ትመለሳለች። ሱፍዋን እህቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው እያለ አውቶቡሱ ውስጥ ይኮራባታል አሉ፤ ቢያንስ አንድ ተጠቃሚ አፍርተዋል።

2ኛ. እኔንም አልረሱኝም። በእርስዎ ወረቀት መሠረት ልጄን የወለድኳት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ያውም ኒካሃችን ከመታሰሩ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ በሩን ዘግታ፣ ውሃ አቅርባልኝ፣ በልጅነቴ የደረሰብኝ በደል ካለ ሳልፈራ እንድነግራት ለመነችኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁምና፣ አፈርኩ። በሃያ ዓመቴ፣ አባቴ ዱዓ አድርጎልኝ፣ ጎረቤቱ እልል ብሎልኝ ስለወለድኳት ልጅ አንገቴን ደፍቼ ማብራሪያ ሰጠሁ። አንዋር ይህን ስነግረው የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

3ኛ. አጎቴ በስተርጅና ሥራ እንዳይፈታ ሰባት ጊዜ በባጃጅ ስላመላለሱት ምስጋናዬ ይድረስዎ። አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን መብራት የለም፣ አንድ ቀን ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ቀጥሎ የሰው ምስክር አምጣ ስላሉት ጎረቤታችንን እትዬ ፀሐይን ይዞ ቀረበ። እትዬ ፀሐይ ምጤ ሲፋፋም የደመራ እንጨታቸውን መንገድ ላይ ጥለው የደረሱልኝ ሴት ናቸው፤ ልጅቷ በ2009 የደመራ ዕለት መወለዷን የአንገታቸውን መስቀል ይዘው መሰከሩልዎ። እርስዎም የምስክሯ ቃል ከወረቀቱ ጋር አንድ ስለሆነ የሚታረም ስህተት የለም ብለው ወሰኑ። አጎቴ የእንግሊዝኛውን በኩል ቢያሳይዎ ደግሞ፣ እኛ አልተሳሳትንም፣ የተሳሳተው የእነሱ አቆጣጠር ነው ብለው መለሱለት። የአገሬ ዘመን እንዲህ ያለ ጠበቃ እንዳለው አላውቅም ነበር።

4ኛ. እርማት የግድ ከሆነ ባለጉዳይዋ በአካል ትቅረብ ስላሉም አመሰግናለሁ። ባሕር ማዶ ያለች ልጅ አገሯን እንዳትረሳ ማሰብዎ ነው።

የምለምንዎ አንዲት መስመር እንዲያስተካክሉ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን የሚያቆይላት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። በእኛ ሲቆጠር ይህ የካቲት 21 ነው እንጂ የካቲት 30 አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ የምጽፈው እርስዎን በማወቄ ነው። ያ ቀን ካለፈ ቦታዋ ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ የልጄ ዓመትም ይቃጠላል።

ዕድሜዎን በየትኛውም አቆጣጠር ያርዝምልዎ እያልኩ፣

በእርስዎ ማኅተም በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ በአላህና በእትዬ ፀሐይ ምስክርነት ግን በሃያ ዓመቷ የወለደች አክባሪዎ፣
ኑርሃን ነጅሙዲን

ማስታወሻ፦ የካቲት 21 ያለ ወረቀት ካለፈ፣ እንደ ትእዛዝዎ ራቢዓን በአካል ይዣት እመጣለሁ። የባለጉዳይ መስኮትዎ ከፍ ያለ ነው ስለሚባል መቆሚያ በርጩማ ያዘጋጁላት፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሰጧት ልጅ ቁመቷ እዚያ አይደርስም። ስምንቱን ዓመት የት እንዳደረሱባት ከበርጩማው ላይ ሆና ራሷ ትጠይቅዎታለች።