የክሬኑ ቀኝ ትከሻ

ውድ ወንድሜ፣

የክብደት ማንሣት ካምፕ ከገባህ ዛሬ ስምንተኛ ቀንህ ነው። ስደውልልህ «ደህና ነኝ እትዬ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ፣ መሀል ላይ የማታቋርጠኝን ወረቀት መረጥኩ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ክንዴን አመመኝ ስትለኝ ሁለት ወር ሙሉ ክንድህን በቅባት አሸሁ። ሠላሳ አራት ዓመት «ጥያቄውን አንብባችሁ ሳትጨርሱ መልስ አትጻፉ» ስል የኖርኩ አስተማሪ፣ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ እንኳ አልጠየቅኩም። በመጨረሻ ሆስፒታል ስወስድህ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክንድህን አልነካችም። ከኋላህ ቆማ፣ «ትከሻህን ወደ ጆሮህ ሳትሰቅል እጅህን ወደ ጎን አንሣ» አለችህ። ገና ግማሽ ሳይደርስ ፊትህ ተኮማተረ።

«ክሬን እኮ ነው የሚሉኝ» አልካት። «ክሬን ሲያነሣ ትንሽ ይንቋቋል።»

«ገመዱ ከሳሳ ግን ያቆሙታል። አለዚያ ከሥሩ የቆመው ሰው ነው የሚያልቀው» አለችህ ሳትስቅ።

አልትራሳውንዱም ይህንኑ አረጋገጠ፤ ትከሻህ ውስጥ ያለው ጅማት በከፊል ተቀድዷል። ወደ ክንድህ የሚወርደው ሕመም ከዚያ ነው። የታዘዘልህም ግልጽ ነበር፦ ሦስት ወር ከራስህ በላይ ብረት አታነሣም፤ በላስቲክ ገመድ ትሠራለህ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ ትመለሳለህ። እምቢ ካልክ ግን ጭራሹን ይበጠስና ቀዶ ጥገና ነው። አንተ «ላስቲክ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብለህ ወጣህ።

ሁለተኛውን ጥፋቴን አታውቀውም። ለካምፑ የጤና ምርመራ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀርህ፣ መስታወት ፊት ስትለማመድ አይቼሃለሁ። ወገብህን ወደ ግራ እያዘነበልክ ቀኝ እጅህን ጤነኛ ታስመስል ነበር። ፈተና ላይ ያጭበረበርክ ተማሪዬ ብትሆን ወረቀትህን እነጥቅህ ነበር። ካምፑ የሚያዘጋጅህን ውድድር አራት ዓመት እንደጠበቅከው ስለማውቅ ግን፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተመለስኩ።

ከእንግዲህ ዝም አልልም። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ የአልትራሳውንዱን ውጤትም ይዣለሁ። እስከዚያ ለአሠልጣኝህ ራስህ ንገረው። ካልነገርከው አጠገብህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ አሁንም ካቃተህ እኔው እነግረዋለሁ። ተቆጣኝ፣ ከፈለግህ አኩርፈኝ፤ እችለዋለሁ። ይህ ውድድር ያመልጥሃል፤ አላታልልህም። ለሚቀጥለው የምትደርሰው ግን ዛሬ ስታቆም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

የመመለሻውን ትኬት ለሁለት ሰው ቆርጫለሁ።

እትዬህ