እኔ የቆረጥኩት ፊልም

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሊንደሩድ፣ የማጸዳው ት/ቤት። ሦስት ኮሪደር ወልውዬ የአስተማሪዎቹን ማረፊያ ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ፣ ፎቶ አለበት። ሳሻ! ፀጉሩ ነጥቷል፣ ዓይኑ ያው ነው። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ሞስኮ ፊልም አብረን ስንማር ካልሲው የተቀደደ ልጅ ነበር። ዛሬ ዓለም ያጨበጭብለታል። ረቡዕ ግሩነርሎካ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት፣ የተማሪነት ፊልሙን ያሳያል።

የትራሙን ሹፌር!

ማስታወሻዬ፣ ላንተ እንኳ ነግሬህ አላውቅም። እሱ ቀረፀው፣ እኔ ቆረጥኩት። የእኔ ትምህርት ሞንታዥ ነበር፤ የተቀረፀውን ቆርጦ መቀጠል። ዐሥራ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ሽማግሌ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ። ሳሻ መጨረሻ ላይ ሽማግሌውን አስለቅሶት ነበር፣ ያውም በቫዮሊን። አውጥቼ ጣልኩት። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በእኔ አቆራረጥ ሽማግሌው ፌርማታ ላይ ቆሞ ትራሙ ጥሎት ይሄዳል። በቃ። መምህራችን ያደነቁት ይህንኑ ነው።

ለጋዜጣው ምን ብሏል? «ልቅሶውን ያወጣሁት በራሴ ላይ ጨክኜ ነው።» በራሱ ላይ! መወልወያውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

ማክሰኞ፣ 11

ልጄ ሰላም ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አገኘችው። ፊልሙ ታድሷል፣ የሠራተኞቹ ስም ተጨምሮበታል። ካሜራ፣ እገሌ። ድምፅ፣ እገሌ። ትራሙን ያስፈቀደልን ሰውዬ እንኳ ተመስግኗል። ሞንታዥ፦ ሳሻ።

ያኔ የሌላ ክፍል ተማሪ ነሽ፣ ስምሽን ማስገባት ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩ። ሳሻ አንድ ቀን ስምሽን አስገባለሁ ብሎ በእናቱ ምሎልኛል።

ሰላም ዞር ብላ አየችኝ። «ማማ፣ አንቺ ፊልም ትሠሪ ነበር እንዴ?»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምታውቀኝ በባልዲዬ ነው። አሁን በማን ልናደድ? በእሱ ብቻ?

ረቡዕ፣ 12። ከሲኒማው መልስ

ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊልሙ ያምራል፣ እሱ ነው የሚያናድደው። እያንዳንዷን ቁራጭ ጣቶቼ ያስታውሷታል። ጥያቄ ሲባል ተነሣሁ፤ በዛገው ሩሲያኛዬ፣ ማን ቆረጠው? አልኩ። ሳሻ ትክ ብሎ አየኝና «ዚና!» ብሎ ከመድረኩ ወረደ። ዘነበች ማለት አልሆንላቸው ብሎ ያወጡልኝ ስም ነው። አቀፈኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በእንግሊዝኛ፦ ኢትዮጵያዊቷ እህታችን ይቺ ናት፣ በዚያ ብርድ ሾርባዋ ነው ያተረፈን!

ተጨበጨበልኝ። ለሾርባ! እዚያ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ሾርባ ሠርቼ አላውቅም። እነሱ ነበሩ የሚያበሉኝ።

እኔስ? ተቀመጥኩ። ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ሲወጣ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀ፣ ሰጠሁት።

ሐሙስ፣ 13

ደወለ። የድሮ ሥራዎቹ ተሰብስበው ሊወጡ ነው፤ ከዚያ ጋር የሚሄድ ትዝታ እየቀረፁ ነው። ቅዳሜ ሆቴሉ መጥቼ ካሜራ ፊት አብሬው እንድቀመጥ ጠየቀኝ። ደስ የሚል ነገር እንድናወራ፣ ብርዱን፣ ሣቃችንን።

ስሜስ? አልኩት።

እሱም፦ አንቺ እንደቆረጥሽው አውቃለሁ ዚና፣ ግን የስም ዝርዝሩ ታትሟል፣ አሁን ምን ያደርጋል? የተማሪ ሥራ ነው።

የተማሪ ሥራ ከሆነ ለምን አገር ላገር ይዞት ይዞራል?! አላልኩትም። ዘጋሁበት።

ዓርብ፣ 14። ግሮሩድ፣ ቤት

ሥራ ቀረሁ፣ አሞኛል አልኩ። ሰላም ለጋዜጣው በኖርዌይኛ ልጻፍልሽ አለች። በምን ማስረጃ? የሞንታዥ ደብተሬ ሞስኮ ቀርቷል፣ መምህሩ ሞተዋል። «ናይ፣ አይሆንም ማማ፣ እንዲሁ ዝም ልትይ ነው?» ጮኸችብኝ። ጮኽኩባት። ኋላ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ መልሼ ደወልኩለት። እመጣለሁ፣ ስለ ትራሙ ሹፌር አወራለሁ አልኩ። ደስ አለው፣ አሮጌ ጓደኛዬ አለኝ።

አወራለሁ። ከመጀመሪያዋ ቁራጭ እስከ ፌርማታው፣ የቱን እንደቆረጥኩ፣ የቱን እንደጣልኩ፣ ለምን እንደተኳረፍን። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ። በስልክ ያመነውን ካሜራ ፊት ይካደኝ። ከፈለገ በኋላ ቆርጦ ያውጣኝ፣ መቼም ሞንታዥ ያውቃል።

ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። ሰላምም አብራኝ ትመጣለች። ትስማ።