ቡላና ቦት ጫማው

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ዛሬ ከገበያ የገዛሁትን የጎማ ቦት ጫማ በሩ ሥር ሳቆመው፣ ድመቴ ቡላ ፀጉሯን አቁማ መደርደሪያው ላይ ዘላ ወጣች። አከራዬ እትዬ አልማዝ እኔ ክፍል ያኖሩት የማር ማሰሮ ወድቆ ተንኮታኮተ።

ድምፁን ሰምተው መጡ። "ባዶ ጫማ ምን ያስፈራታል?" ብላቸው ሳቁብኝ።

"እግሩ ቆሞ ሰውየው ከሌለ፣ እኔስ ብሆን መች እቆማለሁ!" አሉ። ወዲያው ግን ማሩን አይተው ኮስተር አሉ። "ወይ ጫማህን ውጭ አሳድረው፣ ወይ ድመቷን ዋጫ ከተማ ላለችው እህቴ እሰዳታለሁ።"

ሁለቱም አይሆንም። ጫማውን አጋድሜ አፉ ላይ ቁራጭ ሥጋ አኖርኩ። ቡላ አልጋ ሥር ብዙ ካደፈጠች በኋላ ሆዷን መሬት እያስነካች መጣች። አሸተተችው፤ ሥጋውን ነጥቃ ተመለሰች። ጫማው ምንም አላደረጋትም። ነገ ትንሽ ቀና አደርገዋለሁ፤ ከዚያ አቆመዋለሁ። እስክትለምደው አልተውም።

ግን በእሷ ምን ያስቀኛል? እዚህ ከተመደብኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። "ዝውውሬ ዛሬ ነገ ይመጣል፤ ለጥቂት ጊዜ ብዬ ምን ቦት ያስገዛኛል" እያልኩ ይሄን ሁሉ ጭቃ በሸራ ጫማ ስረግጥ ኖርኩ። ዛሬ በሩ ሥር አቁሜው ቀና ስል፣ ከቡላ ቀድሜ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። እዚሁ የሚኖር ሰው ጫማ ይመስላል።

ሰኞ ትምህርት ቤት አድርጌው እሄዳለሁ።